ትከሻዬ ተጠግኖ ወደ ጉግስ ሜዳ እንዴት እንደተመለስኩ

ይህን የምጽፈው ትከሻው ወልቆ፣ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ፣ ከዚያም እንደገና ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንግ ለመወርወር የሚመኝ ሰው ቢኖር፣ እኔ ሳላይ የገባሁበትን ጉድጓድ አስቀድሞ እንዲያየው ብዬ ነው። ሐኪሙ ስለ ትከሻ እንጂ ስለ ፈረስ አያውቅም፤ የጉግስ ጓደኞቼም ስለ ፈረስ እንጂ ስለ ትከሻ አያውቁም፤ በመካከል ያለውን አሥራ አምስት ወር ብቻዬን እየተሳሳትኩ ተማርኩት።

የምኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተወለዱባት ከአንጎለላ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። በዚህ አገር ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ የቆየ ወግ ነው፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ድና፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። እኔን በዳማ ፈረሴ ስም የጠራኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ይልቁንም ፈረሱን ነው «የእገሌ ፈረስ» እያሉ በእኔ ስም የሚጠሩት።

ትከሻዬ መጀመሪያ የወለቀው በ2009 የጥምቀት ዕለት ነው። የማሳድደው ፈረሰኛ በቀኜ በኩል አልፎኝ ስለነበር ዘንጌን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ በተጠማዘዝኩበት ቅጽበት ፈረሴ ጉድጓድ ረግጦ ተደናቀፈ፤ እጄን እንደዘረጋሁ ወደቅሁ። እዚያው ሜዳ ላይ አንድ አዛውንት ወጌሻ «አይዞህ ልጄ» እያሉ ተረከዛቸውን ብብቴ ውስጥ አስገብተው ክንዴን ቀስ ብለው ሳቡት፤ አጥንቱም ቀጭ ብሎ ቦታው ገባ። ራጅ ሳይታይ መሳብ አደገኛ መሆኑን፣ የተሰበረ አጥንት ወይም የተጎዳ ነርቭ ሊኖር እንደሚችል በኋላ ነግረውኛል፤ እውነት ነው። ሆኖም ወጌሻውን አልወቅሳቸውም፤ ጥፋቱ አጥንቱ ስለገባ ነገሩ አለቀ ብዬ ሁለት ቀን ሳልቆይ ወደ እርሻዬ መመለሴ ነው። ውልቃት አንድ ጊዜ መንገድ ከለመደ አይተውም። በሐምሌ ጥጃ ስስብ ወለቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ጋቢ ስደርብ ወለቀ፤ በመጨረሻም ተኝቼ ስገላበጥ ወለቀ።

ምርመራው አዲስ አበባ ተደረገ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ዙሪያውን ለስላሳ ጠርዝ አለው፤ የእኔ ጠርዝ ከፊት በኩል ተገንጥሏል፤ ስለዚህም እጄ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ውጭ በዞረ ቁጥር አጥንቱን የሚያግደው የለም። ያ አኳኋን ደግሞ ዘንግ ለመወርወር እጅ የሚዘጋጅበት አኳኋን ራሱ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 2011 ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ጠርዙ በትናንሽ ማያዣዎች ከአጥንቱ ጋር ተሰፋ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በእጄ የያዝኩት ወረቀት አራት ሳምንት በማንጠልጠያ፣ ከዚያ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ይላል። እስከዚህ ድረስ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም።

አራተኛው ሳምንት እንዳለቀ የጤና መድን ካርዴንና የሪፈር ወረቀቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ካርዱን ገልብጦ አይቶ «ጋሼ፣ ይህ አልታደሰም» አለኝ። የዓመቱን መዋጮ ለቀበሌ ከፍዬ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አሳየሁት። ደረሰኝ የእነርሱ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ እነርሱ የሚያውቁት ካርዱ ላይ የሚያርፈውን ማህተም ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳኝ። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ ቢቆጣኝ እኔም ተቆጥቼ ገንዘቤን ከፍዬ እገባ ነበር።

ቀበሌ ተመለስኩ። ማህተሙ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው፣ ሊቀመንበሩም ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በሳምንቱ ስመለስ ሊቀመንበሩ ተገኙ፤ ነገር ግን የከፋዮች ስም ዝርዝር ወደ ወረዳ ስላልተላለፈ ወረዳ ሳያጸድቅ ማተም አይቻልም አሉኝ። ወረዳ ስሄድ ዝርዝሩን የሚያስገባው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው። እርሱ ተመልሶ ስሜን ሲፈልግ የአያቴ ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ተገኘና እኔነቴን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ያን ደብዳቤ ለመጻፍም፣ እንደሚገመተው፣ ያው ማህተም ያስፈልግ ነበር።

ማህተሙ በመጨረሻ ሲወጣ የነበረውን ሁኔታ አልረሳውም። ጸሐፊዋ ከመሳቢያ አውጥታ ቀለሙ ላይ ብትጫነው ቀለሙ ደርቋል። ወደ አፏ አስጠግታ ሁለት ጊዜ እፍ አለችበት፤ ከዚያም ቆማ በሁለት እጇ ካርዱ ላይ ተጫነችው። የወጣው ሐምራዊ ግማሽ ክብ ነበር፤ የቀበሌው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ይታያሉ፣ ሌላው የለም። «እንደገና ይምቱልኝ» ብላት «ሁለት ማህተም ካረፈበትማ ጭራሽ አይቀበሉትም ጋሼ» አለችኝ። እውነቷን እንደሆነ አላውቅም። ሆስፒታል ስደርስ ያው ትሑት ልጅ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ካየ በኋላ ማህተሙ አይነበብም አለኝ። ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ሳምንት። የተፈቀደልኝ ታኅሣሥ 25 ቀን ነበር።

በዚያን ጊዜ ሁሉ ክንዴ በማንጠልጠያው ውስጥ ነበር፤ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ። ወረቀቱ አራት ሳምንት እያለ ለምን አላወለቅኸውም የሚለኝ ሰው ቢኖር መልስ የለኝም። ባለሙያ ሳያየኝ ባንቀሳቅሰው ስፌቱ ይበጠሳል ብዬ ፈራሁ፤ ከፍርሃቱም ይበልጥ ግን እልህ ነበር። ከተማው ውስጥ በክፍያ የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ እንዳለ አውቅ ነበር፤ አንድ በግ ብሸጥ የወሩን ይችላል። «መብቴን ገዝቼ ሳለሁ ለምን ሁለተኛ እከፍላለሁ» እያልኩ ለሰባት ሳምንት ከማህተም ጋር ስከራከር ባለቤቴ በየማታው ጋቢዬን እያለበሰችኝ «በጉ ከትከሻህ ይበልጣል?» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸጬዋለሁ፤ ለሌላ ነገር።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ወጣት ክንዴን ይዛ ልታነሣው ስትሞክር ከትከሻዬ ከፍታ በታች ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ውጭማ ጭራሽ አይዞርም። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ጊዜ እሰሩት ያለዎት ማን ነው?» አለችኝ። ማንም አላለኝም። የተሰፋው ጠርዝ በደንብ ይዟል፤ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ሽፋን ግን በመታሰር ብዛት ተኮማትሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን መቀመጤ የፈጠረውን ይህን በሽታ ለማላቀቅ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

የሚያስቆጨኝ ያሳየችኝ ነገር ቀላል መሆኑ ነው። ጤነኛ እጅን ጠረጴዛ ላይ ደግፎ ጎንበስ ማለትና የታመመውን ክንድ ካህን ጽና እንደሚያወዛውዝ ልል አድርጎ ማወዛወዝ፤ በጣቶች ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት መውጣትና የደረሱበትን በከሰል ምልክት ማድረግ፤ በጀርባ ተኝቶ በሁለት እጅ ዱላ ይዞ ጤነኛው የታመመውን እንዲያነሣው ማድረግ። ማህተም አያስፈልገውም። ክርንና ጣቶችማ በማንጠልጠያው ውስጥ እያሉም ከመጀመሪያው ቀን መንቀሳቀስ ነበረባቸው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመውጣትህ በፊት፣ ገና አልጋ ላይ ሳለህ፣ በየትኛው ሳምንት የትኛውን እንቅስቃሴ በራስህ መጀመር እንደምትችል ሐኪሙን በቃልም በጽሑፍም አስነግረው። «ፊዚዮቴራፒ ይነግርሃል» ቢልህ አትቀበል። ደግሞ በእኛ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጡንቻን እንደ ጠፍር ስለሚያደርቅ ማለዳ ላይ አትሞክረው፤ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ይሻላል።

ከክንዱ መፍታታት ጎን ለጎን ጡንቻውን ማጠንከር ነበረብኝ። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ከበሩ መቃን ጋር አሰርኩትና ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እስበው ነበር። አሰልቺ ነው፤ ትከሻውን የሚይዘው ግን እርሱ ነው።

ሐኪሙ ለአንድ ዓመት ኮርቻ ላይ እንዳልወጣ አዞኝ ነበር። አልታዘዝኩም፤ በዚህም አልጸጸትም። ከፋሲካ በኋላ የጎረቤቴን በቅሎ ለምኜ በእርምጃ ብቻ መቀመጥ ጀመርኩ፤ በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ታያለች፤ ትከሻ የሚጎዳው ደግሞ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ሳይሆን መውደቅና መወርወር ነው። ለመውጣት ከፍ ያለ ድንጋይ እጠቀም ነበር፤ በታመመ እጅ ኮርቻ ጨብጦ ራስን መሳብ የብዙ ወር ልፋት በአንድ ቀን ያጠፋል። ዛቡን በግራ እጅ ብቻ መያዝም ግዴታ ነው፤ ፈረስ በድንገት አንገቱን ሲነቀንቅ ቀኝ እጅ አብሮ እንዳይነቀነቅ። በነሐሴ ወደ ዳማዬ ተመለስኩ፤ በመስከረም ሶምሶማ፣ በጥቅምት ሽምጥ።

አወራወሬን ግን እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ። የድሮው አወራወሬ ክንድን ከጆሮ ኋላ አሳልፎ መሳብ ነበር፤ ለተመልካች ያምራል፣ ለተሰፋ ትከሻ ግን አይሆንም። አሁን ክርኔን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ ኃይሉን ከወገቤ አወጣለሁ፤ የማሳድደውንም ሰው ሁልጊዜ በግራ ፊቴ በኩል አደርገዋለሁ፤ ዘንጉ ደረቴን አቋርጦ እንዲሄድ እንጂ እጄ ወደ ኋላ እንዳይከፈት። ለልምምድ ቀጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ በቂ ነው፤ መጀመሪያ መሬት ቆሜ፣ ከዚያ ከቆመ ፈረስ ላይ፣ ከዚያ በእርምጃ። ርቀቱ ከድሮው በሢሶ ያህል ቀንሷል፤ የሚመለስም አይመስለኝም።

ሌላው ምክሬ ጓደኞቼን ያሳቀ ነው፤ ስትመለስ አሳዳጅ ሳይሆን ሸሺ ሁን። ሽማግሌዎቻችን የቆየ ሰው በማሳደድ ይጀምር ይላሉ፤ ሽሽት ያሳፍራልና። የሚሸሽ ሰው ግን ጋሻውን በግራ እጁ ወደ ጀርባው ያዞራል፤ ቀኝ እጁ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው።

የ2012 ጥምቀት የደረሰው በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከወር ትንሽ ዘግየት ብሎ ነበር፤ ሜዳው እንደዚያ ሞልቶ አይቼ አላውቅም። አራት ጊዜ ሸሸሁ። በሦስተኛው አንድ ጎረምሳ የወረወረው ዘንግ ጋሻዬን መሐሉ ላይ መታው፤ ድምፁ በግራ ክንዴ በኩል እስከ ጥርሴ ሲሰማኝ፣ ለሁለት ዓመት ናፍቄው የኖርኩት እርሱን እንደነበር ገባኝ። በአምስተኛው ተራ አሳዳጅ ሆንኩና አንድ ዘንግ ወረወርኩ። ከሸሺው ፈረስ ጭራ ኋላ፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ወደቀ። ትከሻዬን በግራ እጄ ዳሰስኩት፤ በቦታው አለ። በዚያን ቀን ሁለተኛ አልወረወርኩም።