«ገብቷል»

«ገባ?» ብሎ ጠየቀ ጀልባ ነጂው።

«ገብቷል» አለው እንግዳው።

ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ባሕር ዳር ስታዞር ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ታንቆ ቆመ።

ነጂው ልጅ የጠየቀው ጀልባዋን ለማዘግየት ውሃ ውስጥ ስለሚጣለው ሸራ ነው። እንግዳው የመለሰው ስለ መረቡ ነው፤ የመጨረሻዋን አሳ ስላወጣበት፣ እጀታ ስላለው ትንሽ መረብ።

ቦታው በክብራን ገብርኤልና በዘጌ መካከል ነው፤ ውድድሩ ደግሞ በላባ መንጠቆ። ደንቡ የትራውት አጥማጆች ነው፣ ከስኮትላንድ ሐይቆች የመጣ። ሁለት ተወዳዳሪ በአንድ ጀልባ ይቀመጣል፤ ሞተር ይጠፋል፤ ጀልባዋ ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ ስትንሳፈፍ ሁለቱም ነፋሱ ወደሚሄድበት ይወረውራሉ፤ በውድድሩ አጋማሽ ቦታ ይቀያየራሉ። ትራውት ጣና ላይ የለም፤ በአገራችን የሚገኘው በባሌ ተራሮች ወንዞች ነው። እዚህ የሚፈለገው ነጭ አሳ ነው፣ በተለይ ትናንሽ አሳ እያሳደዱ የሚበሉት ዝርያዎች። ስለዚህ መንጠቆው ላይ የሚታሰረው ላባ ትንኝ ሳይሆን ትንሽ አሳ መምሰል አለበት፤ ክሩም በአጭር በአጭሩ ይሳባል። የተያዘው በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ በእርጥብ እጅ ተይዞ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ሸራው ከሌለ ይህ ሁሉ አይሆንም። ጎንና ጎኑ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጨርቅ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ገመድ አለው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ጀልባዋን ያዘገያል። የሚታሰረው ነፋሱ በሚመጣበት ጎን፣ ከጀልባዋ ወገብ ላይ በሞርሳ በተያዘ ገመድ ነው። ሞርሳው ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ከሸሸ ጀልባዋ ትጣመማለች፤ አንደኛው ተወዳዳሪ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ሌላው ጓደኛው ባለፈበት ይወረውራል። ለዚህ ነው ሞርሳውን ሁሉም ሲነካው የሚውለው። ሸራውን ግን ማን እንደሚያወጣ ማንም አልተነገረውም።

ጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፣ ማዕበሉም አብሮ። ውድድሩ 7 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የዘገየ ነጥብ ይቀነስበታል። 20 ደቂቃ ሲቀር «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ተባለ። ሸራው በሰሜን በኩል ውሃ ውስጥ ነበር። አፍንጫው ወደ ደቡብ ሲዞር ኋላው ወደ ሰሜን፣ ማለት ወደ ገመዱ ዞረ። ፕሮፔለሩ ገመዱን ጠቀለለው።

አሁን ሸራው ጀልባዋን ከኋላዋ ያዛት። ከኋላ፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት ግድግዳ ከሁሉም ዝቅተኛው ነው፤ ሦስተኛው ማዕበል በላዩ ገባ። ልጁ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር። መጀመሪያ ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ ነቀለ። ሁለቱን እንግዶች ወደ ፊት አስቀመጠ፤ ኋላው ቀለል አለ። መልሕቁን ከአፍንጫው ጣለ፤ በዚያ አካባቢ ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ጣና ራሱ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሸራው የተወጠረበትን ገመድ በቢላዋ ቆረጠ። ያኔ አፍንጫው ወደ ማዕበሉ ዞረ። ሞተሩን ያነሣውና የተጠቀለለውን ትርፍራፊ በግልባጩ የፈታው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀድሞ ሞተሩን ቢያነሣ ኖሮ ሸራው እንደ ተወጠረ፣ ኋላው ለማዕበሉ እንደ ተሰጠ ይቆይ ነበር።

ገመዱ ወጣ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ናይሎን ሲጠብቅ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ኦይል ሲሉን፣ ማለት ዘይቱ እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚያግደውን ቀለበት፣ ይበላል። በማግስቱ የማርሽ ዘይቱ ሲፈታ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መሰለ፦ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የሚነዳ ሞተር ጥርሱን ይጨርሳል።

የሲሉም፣ የዘይቱም፣ የመካኒኩም ዋጋ ከልጁ የቀን ክፍያ ተቆረጠ። አዘጋጆቹ «ነጂው ኃላፊ ነው» አሉ። እኔ ይህን እስካሁን አልቀበልም። ልጁ ጠይቋል፤ መልስም አግኝቷል። ጥፋቱ ጥያቄው ስም ስላልነበረው ነው፤ «ገባ?» ሲባል ጀልባ ውስጥ የሚገባ ስንት ነገር አለ! ደግሞ ያንን ሸራ ያመጡትም፣ ሥራውን ሳያከፋፍሉ ሰው ያሰማሩትም እነሱ ናቸው።

ልጁ ከዚያ ወዲህ መላ አበጀ። ሸራው ውሃ ውስጥ ሲወርድ የሞተሩን ቀይ ቁልፍ ነቅሎ ሞርሳው ላይ ያንጠለጥለዋል። ሞተሩ ያለ ቁልፉ አይነሣም፤ ቁልፉን ሊወስድ የሄደ ደግሞ ገመዱን በዓይኑ ያየዋል። አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ ይህን አይተው ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ነፋሱ ድንገት ቢነሣና እዚያ መድረስ ቢያቅትህስ?»

«መለዋወጫው ኪሴ ውስጥ አለ፣ ጋሼ።»

«ኪስህ ውስጥ ካለማ፣ ሰው ‹ቶሎ በል› ሲልህ የምታወጣው እሱን ነው።»