ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ እናቴ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች?

እናቴ ቪዛዋ እንደወጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ጉልበቷን ያማታል። ኪሎ ሜትሩ ለሷ ምኗም አይደለም።

ትኬቱ ከቦሌ 22:30 ይነሳል፣ ዋሽንግተን ደለስ በማግስቱ 8:00 ይገባል ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ግን መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። እኔ ሁሉንም ወደ እናቴ ሰዓት አመጣሁት። 22:30 ማለት በኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ጉዞው ሐምሌ ላይ ስለነበር የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው። እዚያ ጠዋት 8:00 ሲል እሷ ቤት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ4 ተኩል ማታ እስከ 9 ሰዓት ቀን፣ 16 ሰዓት ተኩል። የእጅ ሰዓትሽን እንዳትነኪው አልኳት፤ በሱ ትቆጥራለች።

መመለሻው ደግሞ ሌላ ነው። ከደለስ 11:15 ተነስቶ ቦሌ በማግስቱ 7:15 ይገባል። 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7 ሲቀነስ 13 ቀረ። ያው መንገድ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ልዩነት! ይሄን ሳላጣራ መተው አልቻልኩም።

ርቀቱን በክብ ሉል ላይ ክር ወጥሬ አየሁት። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መንገዱ በምዕራብ አፍሪካ የሚያልፍ ይመስላል። ክሩ ግን በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ወጥቶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ አውሮፓን ነክቶ ነው አትላንቲክ የሚገባው። 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። የመመለሻው ሒሳብ ገጠመ ማለት ነው።

መሄጃውን የሚያስረዝመው ቦሌ ራሱ ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያጥራቸዋል፤ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ ያን ሁሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። በዚያ ላይ አትላንቲክ ላይ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ደለስ ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሙሉ ታንክ ይዞ መነሳት ችግር የለውም።

የእናቴ በረራ በሮም በኩል ነበር። ሮም ከክሩ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብትልም መንገዱን ብዙም አታስረዝመውም። ስድስት ሰዓት ገደማ በረራ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማረፍ፣ ከዚያ የቀረው። ከአውሮፕላኑ አይወርዱም፤ ቆሞ መንጠራራት ግን ይቻላል። ለጉልበት ከሆነ የምፈራው አጭሩን መመለሻ ነው፤ 13 ሰዓት አንድ ትንፋሽ። ለሱ የኮሪደር ዳር ወንበር አስያዝኩላት።

ኖቬምበር ላይ ለምትመጡ፣ አሜሪካ ሰዓቷን ወደኋላ ስለምትመልስ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ለሚቀበላችሁ ሰው ደግሞ ስምንት ሰዓት ሳይሆን «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በዋሽንግተን» በሉት። ደለስ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በጊዜ ይውጣ።