ጃታ ነው ጃቲ?

ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ውስጥ አናርካሊ ሰፈር እሁድ እሁድ አሮጌ መጽሐፍ አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። እኔ የአገሩን ቋንቋ ኡርዱን ማንበብ አልችልም። ሻጩ ግን "ባጂ፣ ባጂ" እያለ (እህት ዓለም እንደማለት ነው) አንዷን ቀጭን መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የገጣሚዋ የፐርቪን ሻኪር "ኹሽቡ" ነበረች፣ "መዓዛ" ማለት ነው፣ በ1976 የታተመች።

አጠገቤ መጽሐፍ ታገላብጥ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቀችብኝ። ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እዚያው ቅርብ ወዳለው ፓክ ቲ ሃውስ ገብተን ወተት የበዛበት ሻይ አዘዝን።

የዚህች መጽሐፍ ነገሩ ምንድነው አልኳት። ሶፍት ላይ ሁለት ነገር ጻፈችልኝ። "ጃታ ሁን"፣ "ጃቲ ሁን"። ሁለቱም "እሄዳለሁ" ነው፤ አንደኛው ወንድ ሲለው፣ ሌላው ሴት ስትለው። በአማርኛ "እሄዳለሁ" ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይለይም፣ እኛ ጾታ የምንለየው አንተና አንቺ ጋ ስንደርስ ነው። ኡርዱ ግን ገና "እኔ" ስትዪ ማንነትሽን ያስለፈልፍሻል። ጋዛል በሚባለው የፍቅር ግጥም ወግ ደግሞ አፍቃሪው ወንድ ስለሆነ ሴቷም ስትገጥም በአብዛኛው በወንድ ግስ ነበር። ጭራሽ ሬኽቲ የሚባል ስልት ነበር፣ ወንዶች በሴት አንደበት የሚገጥሙበት! ፐርቪን መጣችና ጋዛሉን በ"ጃቲ" ጻፈችው። አፈቀርኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከፋኝ የምትለው ሴት ራሷ ሆነች። ለእኔ ከመፈክር ሁሉ ይህች አንዲት ፊደል ትበልጥብኛለች።

ተማሪዋ ግን አልተስማማችም። "ፐርቪን ለስላሳ ናት፣ የእኔ ፋህሚዳ ናት" አለች። ገጣሚዋ ፋህሚዳ ሪያዝ በወታደራዊው ገዢ በጄኔራል ዚያ ዘመን በምታሳትመው መጽሔት ምክንያት ተከሳ ወደ ሕንድ ሸሽታ ዓመታት የቆየች ናት። "ቻዶርና አራት ግድግዳ" የዚያ መንግሥት መፈክር ነበር (ሴት በሻሽ ተሸፍና ቤቷ ትቀመጥ እንደማለት ነው)፤ እሷ መልሳ የግጥም ርዕስ አደረገችው። ሐዘን ላይ አይደለሁም፣ ይሄን ጥቁር ምን ላድርገው እያለች ጌታዋን ትጠይቀዋለች። ጥቁር ለብሰን ለምናለቅስ ለእኛማ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ከሻይ ቤቱ ወጥተን በሞል ሮድ ተጓዝን። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1983 የሁለት ሴቶችን ምስክርነት ከአንድ ወንድ እኩል የሚያደርገውን ረቂቅ ሊቃወሙ የወጡ ሴቶች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ የተበተኑት እዚህ ነው። ሕጉ በገንዘብ ውል ጉዳይ ተወስኖ በ1984 ወጣ። የሌላዋ ገጣሚ የኪሽዋር ናሂድ "እኛ ኃጢአተኛ ሴቶች"ም የዚያው ዘመን ግጥም ነው። ካባ በለበሱት ግርማ የማንደነግጥ፣ አንገታችንን የማንደፋ ኃጢአተኞች እኛ ነን ትላለች። ተማሪዋ መንገድ ላይ ቆማ በቃሏ ወጣችው። ሁለት ሪክሾ ነጂዎች ጥሩምባ ነፉ፣ እሷ አላቋረጠችም።

በማግስቱ በአውቶቡስ ኢስላማባድ ሄድኩ። ፐርቪን የጉምሩክ ባለሥልጣን ነበረች፣ በዲሴምበር 1994 በ42 ዓመቷ በመኪና አደጋ ሞታ እዚያ ኤች-8 መካነ መቃብር ነው የተቀበረችው። የታክሲው ሹፌር ወዴት ነሽ ሲለኝ፣ በተማርኩት ኡርዱ ልኮራ ብዬ፣ ወደ ፐርቪን "ጃታ ሁን" አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። "ጃቲ፣ ባጂ" አለኝ። "ጃቲ።"