የእማዬ ምድጃ ስንት ቶን ነው?

ቤታችን ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። መብራት ሲኖር እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ሲጠፋ (ስለ መጥፋቱ አላወራም፣ ታውቁታላችሁ) እማዬ ጓሮ ወዳለው ማድቤት ትገባለች። እዚያ ሁለት ምድጃ አለ። አንዱ የድሮው ሦስት ጉልቻ ነው። ሌላው ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት በቅናሽ የሰጠን፣ እንጨት ይቆጥባል የተባለለት።

ሲሰጧት ወረቀት አስፈርመዋታል። እኔ ያነበብኩት ባለፈው ወር ነው፣ የቤቱን ካርታ ስፈልግ ሳጥን ውስጥ አግኝቼው። ምድጃው እንጨት በመቆጠቡ ሳይወጣ የሚቀረውን የካርበን ጭስ ለፕሮጀክቱ አሳልፋ ሰጥታለች ይላል።

«እማዬ፣ ካርበን ሸጠሻል እኮ» አልኳት።

«ስንት አወጣ?»

እስቲ እናስላው። ምድጃው በዓመት 2 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል እንበል፣ ቶኑም በ5 ዶላር ይሸጥ። 10 ዶላር መጣ። ከዚያ ላይ የአምራቹ፣ የኦዲተሩና የደላላው ይነሳል። አውሮፓ ውስጥ ግን በ2023 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የአንድ ቶን ዋጋ ከ100 ዩሮ አልፎ ነበር። ጭሱ ያው ጭስ፣ ሰማዩም ያው ሰማይ፣ ታዲያ ምን ለያቸው? እዚያ ግዴታ ነው። ከ2005 ጀምሮ ኃይል ማመንጫውና ፋብሪካው ለሚለቀው ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ማስረከብ አለበት፣ ካላስረከበ ይቀጣል፣ የፈቃዱም ብዛት ከዓመት ዓመት እየተቀነሰ ነው። ከውጭ የሚመጣ ክሬዲት (አንድ ቶን ጭስ ሌላ ቦታ ቀርቷል የሚል፣ የሚሸጥ ማስረጃ) ደግሞ ከ2021 ወዲህ እዚያ ገበያ አይገባም። የእማዬን ዓይነት ቶን በብዛት የሚገዛው ስሙን ማሳመር የፈለገ ድርጅት ነው። ባይገዛም የሚጠይቀው የለም።

ዋጋው ብቻ ቢሆን እሰየው። የባሰው ቆጠራው ነው። የሚሸጠው ዕቃ ያልወጣ ጭስ ነዋ! ምድጃው ባይኖር ስንት ይወጣ ነበር ብሎ መገመት ግድ ነው።

አንድ ቀን ከፕሮጀክቱ ታብሌት የያዘ ልጅ መጣ። «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተጠቀሙበት?»

«ሁልጊዜ ነው ልጄ፣ ሁልጊዜ። ግባ ቡና ጠጣ።»

የጉልቻው አመድ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። አዲሱ ምድጃ ላይ ሰፌድ ተደርቦበታል። እማዬ ውሸታም አይደለችም፤ ሰው የሰጣትን ዕቃ «አልተጠቀምኩበትም» ማለት ግን ነውር ነው። ልጁ መዘገበና ሄደ። ይሉኝታ በቶን ተሸጠ ማለት ነው።

እንጨቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሲነድ የወጣውን ካርበን ዛፍ መልሶ ይስበዋል፣ ስለዚህ ሂሳብ ውስጥ የሚገባው ተቆርጦ የማይተካው ድርሻ ብቻ ነው። እኛ የምናነደው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ስትቆርጠው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደገና አጣና ይሆናል። በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ደን ተጨፍጭፎ የሚመጣ ከሰል ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ይሄ የኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2024 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምድጃ ፕሮጀክቶችን ናሙና ፈትሸው፣ ክሬዲቱ ከእውነተኛው ቅናሽ 9 እጥፍ ገደማ ተጋንኖ አገኙት። ከምክንያቶቹ ውስጥ ሁለቱ እነዚሁ ናቸው፦ ሰው ጉልቻውን አይተውም፣ የማይተካው እንጨት ድርሻም ይጋነናል።

ሁሉም ማጭበርበር ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከብት ከልክለው፣ የተቆረጠውን ጉቶ መልሰው በማሳደግ ደን አደረጉት። በ2009፣ አገሮች ጭስ ለመቀነስ በተስማሙበት በኪዮቶው ስምምነት ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድም ዛፉ ከሚስበው 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ሻጮቹ የገበሬዎቹ ማኅበራት ናቸው። ዛፍ ደግሞ ሜትር ይዘህ ትለካዋለህ፣ ይሉኝታ የለውም።

ለምን አዲሱን እንደማትወደው እማዬን የጠየቅኳት ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም። አፉ ጠባብ ነው፣ እንጨቱ በቀጭኑ ካልተፈለጠ አይገባም አለች። መጥረቢያውን አነሳሁና ፈለጥኩላት። ጋገረችበት፣ ጭሱም ቀለል አለላት።

«ያንን 10 ዶላር ለፈላጭ ቢሰጡልኝ» አለች ምጣዱን እያሰሰች፣ «እውነትም ሁልጊዜ እጋግርበት ነበር።»