ትናንት ጥሩ ነበር እኮ

ታካሚያችን ኩላሊት የተተከለላቸው ሰው ነበሩ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ላብ በላብ ይሆናሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል። መጀመሪያ ሪጄክሽን (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት አለመቀበሉ) ተጠረጠረ፣ ቀጥሎ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ከዚያ ቲቢ። በመጨረሻ የደም ካልቸሩ (ደም ውስጥ ያለ ተህዋስን የሚያሳድገው ምርመራ) ላይ ብሩሴላ አደገ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ያልፈላ የፍየል ወተት እንደሚጠጡ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቀድሞ በላብራቶሪ መጠየቂያው ላይ ቢጻፍ ኖሮ የላብራቶሪ ባልደረቦቻችን ሳያውቁት ባልተጋለጡ ነበር። ብሩሴላ በትንፋሽም ይገባል።

ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ኦርደሩ እኔ ወደምሠራበት ፋርማሲ ደረሰ። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ሪፋምፒሲን 600 ሚሊግራም በቀን 1 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። ለሌላ ታካሚ ቢሆን ወዲያው እሰጠው ነበር። እዚህ ግን ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አናት ላይ ታክሮሊመስ አለ፤ ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚጠብቀው መድኃኒት። ላዘዙት ሐኪም ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ታካሚው ታክሮሊመስ ላይ ናቸው። ሪፋምፒሲኑን በሌላ ብንተካው?»

«የብሩሴሎሲስ ሕክምና ይሄው ነው። የታዘዘውን ስጪ።»

«በጥቂት ቀን ውስጥ ታክሮሊመሱ ይወርድብናል። ኩላሊቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።»

«የታክሮሊመስ የደም ልኬቱ ትናንት ጥሩ ነበር እኮ።»

«ትናንት ሪፋምፒሲን አልጀመሩም ነበር፣ ዶክተር።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ፋርማሲ ማዘዝ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እስካሁን የሚቆጨኝ ስልኩ ጆሮዬ ላይ መዘጋቱ አይደለም። «ትናንት ጥሩ ነበር» የሚለው ነው። ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን የሚሰባብሩትን የጉበትና የአንጀት ኢንዛይሞች ያበዛል። ሰውየው ክኒናቸውን በሰዓቱ እየዋጡ ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። የትናንቱ ቁጥር ስለ ነገ ምንም አይናገርም።

ኦርደሩን ይዤ ወደ ንቅለ ተከላ ቡድኑ ሄድኩ። የኩላሊት ሐኪሟ ወረቀቱን ገና ስታየው ገባት። ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን መጨመር ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱን ኩላሊቱን ይጎዳል። ዶክሲሳይክሊን ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ይሁን ተባለ። ይህም ያለ ዋጋ አልመጣም። እንደ እሳቸው ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) ለሚወስድ ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማት ሊበጥስ ይችላል። ተረከዛቸውን ካመማቸው ወዲያውኑ እንዲነግሩን አደራ አልናቸው። ታክሮሊመስ ማግኒዚየም ስለሚያወርድ የማግኒዚየም ክኒንም ይወስዱ ነበር፤ አብሮ ከተዋጠ ግን ሁለቱንም አንቲባዮቲክ አስሮ ያስቀራቸዋል። ሰዓቱን አራርቀን ጻፍንላቸው።

ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ኩላሊቱም ደህና ሆነ።

ከወራት በኋላ በራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ስልኩን የዘጉብኝ እኚያው ሐኪም ለሬዚደንቶች (ስፔሻላይዝ ለሚያደርጉ ሐኪሞች) ሲያስተምሩ ከኋላ ቆሜ ነበር። «ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ላይ ሪፋምፒሲን? በፍጹም!» አሉ። ከማን እንደሰሙት አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ። ታካሚዎቹ እስከተጠበቁ ድረስ ማን አለው የሚለው ግድ አይሰጠኝም ብዬ ነበር፤ ግን ይሰጠኛል። ፋርማሲስት ስትደውል የሚሰማት ሐኪም ያስፈልጋል።

«በፍጹም» የሚለውም ቢሆን ትክክል አይደለም። ሌላ ታካሚ መጡ፤ ብሩሴላው አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ታክመውም አገርሽቶባቸው ነበር። ቡድኑ አስቦበት ሪፋምፒሲን መረጠ። ያንን ኦርደር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ታክሮሊመሱን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረግን፣ በየጥቂት ቀኑ አስለካን። ትልቁ ፍርሃቴ ሕክምናው የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። ሪፋምፒሲን ሲቆም ኢንዛይሞቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ የጨመርነው ታክሮሊመስ ካልተቀነሰ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚቆምበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን የልኬት ቀኖችና የሚቀነሰውን መጠን ካርዳቸው ላይ በትልቁ ጽፌ ለልጃቸውም አስረዳሁ።