የፋሲካ ማግስት ሂሳብ

ባሕር ዳር ላይ አሳ ቤት ልከፍት ስነሳ መጀመሪያ የገዛሁት ትልቅ መጥበሻ ነበር። ደብተር መግዛት ትዝም አላለኝ።

የከፈትኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጾም እኛ ከተማ አሳ ቤት ወንበር አይገኝም። 55 ቀን ቤቴ ሞልቶ ዋለ። ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፤ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ማታ ማታ ብሩን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እከታለሁ። ጠዋት ከዚያው አውጥቼ አሳ እገዛለሁ፣ የልጄን ትምህርት ቤት እከፍላለሁ፣ እቁብ እጥላለሁ። ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ያተረፍኩ መሰለኝ።

ፋሲካ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ዞረ። በዓለ ሃምሳ እስኪያልፍ ደግሞ ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም። አንድ ማታ ቆርቆሮውን ወለል ላይ ገለበጥኩት። የጀመርኩት በ60 ሺህ ብር ነበር። የለቀምኩት 11 ሺህ ከምናምን። ሦስቴ ቆጠርኩት። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ምነው፣ ሌባ ገባ እንዴ?» አለችኝ። ሌባዋ እኔው ነበርኩ።

በነጋታው ቀረሶ የሚባለውን አሳ 10 ኪሎ ገዛሁ። ቅርፊቱን ፍቄ፣ ጭንቅላቱን፣ ሆድ ዕቃውንና አጥንቱን አውጥቼ ፊሌቶውን መዘንኩት። 3 ኪሎ ከትንሽ! ዋጋ ጾሙን በሙሉ ስተምን የኖርኩት ግን አሳው እንዳለ በተመዘነበት ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ፊሌቶ የሚያስወጣኝ ከማስበው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ዘይቱና ከሰሉ ሳይቆጠር። ቤቱ በሞላ ቁጥር ለካ ኪሳራዬ ነው የሚሞላው።

የለብለቡን ዋጋ ጨመርኩ። ያኮረፈ አልጠፋም፣ አብዛኛው ግን ተመለሰ። ለወፍ እጥለው የነበረውን ጭንቅላትና አጥንት ሾርባ አደረግኩት። ዛሬ የከሰሉን ወጪ የሚችለው ሾርባው ነው።

ያኔ ደብተሩ ተገዛ። ለራሴ የወር ደሞዝ ቆረጥኩ፤ ከዚያ በላይ ለቤት አንድ ብር አይወጣም። ለሥራው ሌላ ሲም ካርድ አውጥቼ በእሱ ቴሌብር ከፈትኩ። እኔ መጻፍ ብረሳ እንኳ የገባውን ስልኩ አይረሳም። እማዬ አሳ ስትበላም ትመዘገባለች። ይህን እስካሁን አልወደደችውም።

ሌሎችም ስህተቶች ነበሩ። ቤቱን የተከራየሁት በቃል ነው። በራሴ ወጪ ሴራሚክ አስነጥፌ፣ የእጅ መታጠቢያ አስገጥሜ፣ በአራተኛው ወር አከራዬ ኪራዩን እጥፍ አደረጉት። ምን ይዤ ልከራከር? አሁን ያለሁበትን የሁለት ዓመት ውል ሳልፈርም አንድ ሚስማር አልመታሁም። ንግድ ፍቃድ ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፤ እኔ ትዝ ያለኝ ጥር ላይ። ቅጣቴን ከፍዬ ተማርኩ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ርካሽ አሳን እምቢ ማለት ነው። ክረምት ላይ ነጭ አሳ የሚባለው ዓይነት እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ በገፍ ያወጣዋል። ፍልሰታም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ገበያው ይደራል። አንድ ጊዜ በግማሽ ዋጋ አንድ ቅርጫት ገዛሁ። ሆዱን ስቀደው እንቁላሉ በመክተፊያው ላይ ፈሰሰ። ሁልጊዜ ቀረሶ የሚያመጡልኝ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ቆመው ያዩኛል። «እታለም፣ ይሄ እኮ የከርሞ ነው» ብለው ሄዱ። ቆርቆሮዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍልሰታን የምሠራው በቀረሶና በአምባዛ ነው። ዘንድሮም አንድ ልጅ ርካሹን ይዞ መጣ። ሾርባ አጠጥቼ ሸኘሁት።