የመጨረሻው ካሴት

ጅማ፣ ማታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። «ሴሽን ናይን» የሚባለው አስፈሪ ፊልም የሚታይበት ሰዓት አይደለም። የፊልሙ ፍጻሜ ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ውስጥ ስለሆነ በላፕቶፕ ስፒከር ከታየ ግማሹን ዝናቡ ይበላዋል። ድምፁን መጨመር አያዋጣም፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ ሹክሹክታው እዚያው ይቀራል። መላው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ከሌለ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ ኮምፕሬሰሩን ማብራት፤ ትልቁን ድምፅ ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል።

ይህን ፊልም ያየ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ሰይጣን ነው ወይስ ሰውየው አብዶ?» እኔ ጥያቄው የሚመጣው ትንንሾቹን ነገሮች ከመዝለል ይመስለኛል። የብራድ አንደርሰን ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ። አስቤስቶስ (ለጤና ጎጂ የሆነ የድሮ የሕንፃ ቁስ) የሚያነሱ ሠራተኞች የተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ይገባሉ። አለቃቸው ጎርደን አራስ ልጅ አለችው፣ ገንዘብ ቸግሮታል፤ ሥራውን ለመውሰድ ሲል በሳምንት እጨርሳለሁ ብሎ ይዋዋላል። ሕንፃው የስቱዲዮ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1878 ተከፍቶ በ1992 የተዘጋው፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለው የዳንቨርስ ሆስፒታል ነው፤ ከ2006 ጀምሮ አብዛኛው ፈርሷል። የተላላጠው ቀለም እውነተኛ ነው።

ከሠራተኞቹ ጨለማ የሚፈራው ወጣት ከሆስፒታሉ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ሲሮጥ ጄኔሬተሩ ያቆምና አምፖሎቹ ከኋላው አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳ የጅማ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። ነዳጅ ሲያልቅ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ አምፖሎቹ ሁሉ አብረው ይደበዝዛሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ተራ የሚጠብቅ አምፖል የለም። ቢሆንም ትዕይንቱ ስለሚያስደነግጥ ይቅር ይባላል።

ፍጻሜው ላይ ጎርደን ብቻውን ተቀምጦ ሚስቱን በስልክ ይቅርታ ይጠይቃል። ስልኩ የተሰበረ ነው። ሚስቱና ልጁ ሞተዋል፤ የገደላቸውም እሱ ነው። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ስልክ የያዘባቸውን ቦታዎች ሁሉ እንደገና ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ትርጉም ፊልም ላይ ግን ተራኪው ዝምታውን ሊሞላ «ሚስቱ እኮ ሞታለች» ብሎ ቀድሞ ከተናገረ ነገሩ እዚያው አለቀ። እዚህ ቦታ ላይ አፍን መያዝ ነው።

ከዚያ ዘጠነኛው ካሴት አለ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ሆስፒታሉ ውስጥ አግኝቶ ከሚያዳምጣቸው የሐኪምና የታማሚ ንግግሮች የመጨረሻው። ሐኪሙ በታማሚዋ በሜሪ ውስጥ ያሉትን ድምፆች የት እንደሚኖሩ ይጠይቃል። አንዷ ምላስ ውስጥ ነው፣ ሁልጊዜ ስለምታወራ። አንዱ ዓይን ውስጥ፣ ሁሉን ስለሚያይ። የመጨረሻው፣ ሲሞን የሚባለው፣ የአካል ክፍል አይጠራም፤ በደከሙትና በቆሰሉት ውስጥ እንደሚኖር ነው የሚናገረው።

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለት ቃል ላይ ይጠንቀቅ። «እኖራለሁ» ሐኪሙ ከጠየቀው ጋር ይሄዳል። «እሰፍራለሁ» ግን ይበልጣል፤ እኛ ጂን ሲይዝ «ሰፈረበት» ስለምንል ሰይጣን ነው የሚለውም አብዷል የሚለውም የየራሱን ይሰማበታል። ሁለተኛው ከባድ ነው። «የተጎዱት» ለጆሮ ያምራል፣ የሚቀናውም እሱ ነው። ነገር ግን ጎርደን ላይ ሁሉ የጀመረው ሚስቱ ሳታስበው የፈላ ውሃ እግሩ ላይ ስትደፋበት ነው፤ ያ ቃጠሎ አለ። ስለዚህ «የቆሰሉት» መባል አለበት። «የተጎዱት» ከተባለ እግሩ ይጠፋል።